ማንም ያላሰናበተው ተከላካይ

ኢዋን ካርስዌል በሕይወቱ አራት ጊዜ ከእግር ኳስ ክለብ ተሰናብቷል። አምስተኛው ክለቡ የእኛው ቦርከና ነበር፤ እኛ ግን አላሰናበትነውም። የአራቱን ታሪክ የነገረኝ እሱ ነው። የአምስተኛውን የምናገረው እኔ ነኝ፤ ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባል የለ።

ቦርከና ኮሎምበስ ኦሃዮ ውስጥ እሁድ እሁድ የሚጫወት የሐበሻ ቡድን ነው። መሥራቾቹ ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጣን ሰዎች ስለሆንን በወንዛችን ሰየምነው፤ አሁን ግን የአዲስ አበባውም የአዳማውም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለበት። እኔ ጁነዲን እባላለሁ፣ የቡድኑ ጸሐፊ ነኝ። ጸሐፊ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ማልያ ያጥባል፣ ውሃ ይሸከማል፣ ማን መጣ ማን ቀረ ብሎ ይመዘግባል፣ ከዳኛ ጋር ይጨቃጨቃል። ኳስ እኔ እግር ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ዓይኔ ግን ደህና ነው፤ መስመሩ ዳር ቆሜ አሥር ዓመት ሙሉ አይቻለሁ።

ኢዋንን ያወቅኩት በፈረንጆቹ 2020፣ ሚያዝያ ላይ ነው። ሁለታችንም አንድ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ እንሠራ ነበር፤ እኔ ከመደርደሪያ ዕቃ ለቃሚ፣ እሱ ዕቃ የሚያነሳ ፎርክሊፍት ነጂ። ጊዜው የኮሮና ነው። ዓለም ሁሉ በሩን ሲዘጋ እኛ አስፈላጊ ሠራተኞች ተብለን፣ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን በቀን አሥር ሰዓት ሳጥን እንገፋለን። ኢዋን ረጅም ነው፣ ትከሻው ሰፊ፣ አንድ ጆሮው የተጨፈለቀ። ከፎርክሊፍቱ ሲወርድ ሁልጊዜ ቀኝ እግሩን ነው የሚያስቀድመው፤ ግራ ጉልበቱን እንደ እንቁላል ነበር የሚጠነቀቅለት። እንግሊዝኛው ለአሜሪካኖቹም አይገባቸውም፤ በዚህ በኩል እኔና እሱ እኩል ነበርን።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ስልኬ ላይ የድሮ ጨዋታ ሳይ ከኋላዬ ራቅ ብሎ ቆመና፣ «ጎሉ የዚያ ስቶፐር ጥፋት ነው» አለኝ። ጎሉ ገና አልገባም ነበር። ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳችንን አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እሱ በዚያ ጫፍ እኔ በዚህ ጫፍ ሆነን መብላት ጀመርን። የሕይወቱንም ታሪክ ሰማሁ።

የመጀመሪያው ስንብት የመጣው በደብዳቤ ነው። ኢዋን የተወለደው ስኮትላንድ ውስጥ ግሪኖክ በምትባል የወደብ ከተማ ነው፤ ከአሥር ዓመቱ ጀምሮ በአንድ ክለብ የታዳጊዎች ቡድን ውስጥ ሲሰለጥን አደገ። አሥራ ስድስት ሲሞላው ክለቡ ለአባቱ ደብዳቤ ጻፈ። አባቱ መርከብ የሚበይድ ሰው ነው። በሩ ላይ እንደቆመ አነበበውና አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ «አልፈለጉህም። ሰኞ የቧንቧ ሥራ ትጀምራለህ» አለው። ኢዋን ሰኞ የቧንቧ ሥራ ጀመረ።

በአሥራ ስምንት ዓመቱ ታች ዲቪዚዮን የሚጫወት አንድ ትንሽ ክለብ ወሰደው። እኔ ፕሮፌሽናል ማለት ቴሌቪዥን ላይ የምናያቸው ባለ ብዙ መኪናዎች ብቻ ይመስለኝ ነበር። የኢዋን ፕሮፌሽናልነት ሌላ ነው። ቀን የሰው ቤት ቧንቧ ይጠግናል፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ መልስ ይሰለጥናል፣ ቅዳሜ አምስት መቶ ሰው ፊት በዝናብ ይጫወታል። እንዲህ ሆኖ ስድስት ዓመት ቆየ። ሃያ አራት ሲሞላው አሰልጣኙ ቢሮ ጠርቶ «ካንተ የሚፈጥን ልጅ አግኝተናል» አለው። ሁለት ደቂቃም አልፈጀም፤ የቀረበለት ሻይ ገና ትኩስ ነበር።

ሦስተኛው ክለብ በሰሜን ምሥራቅ፣ ባሕር ዳር ነው። ነፋሱ የማዕዘን ምትን መልሶ ለመቺው ያመጣዋል ይላል፤ ትንሽ ሳያጋንን አይቀርም። የሕይወቱን ምርጥ አምስት ዓመት የተጫወተው እዚያ ነው። መቶ ስልሳ ጨዋታ፣ አምስት ጎል። «ሁለቱ የገቡት በራሳችን በረኛ ላይ ነው» ብሎ ሳይጠየቅ ይጨምራል። አንድ ጊዜ በጥሎ ማለፍ ትልቅ ክለብ ደርሷቸው፣ አገር ምድሩ የሚያውቀውን አጥቂ ሰማንያ ስምንት ደቂቃ ኳስ ከለከለው። በሰማንያ ዘጠነኛው ሰውየው አንዴ አመለጠውና አንድ ለዜሮ ተሸነፉ። ኢዋን ያንን ጨዋታ ሲያወራ ስለ ሰማንያ ስምንቱ አያነሳም፤ ወሬው ስለ አንዷ ደቂቃ ብቻ ነው። የተከላካይ ዕጣ ይኸው መሰለኝ፤ ያዳነውን ማንም አይቆጥርለትም፣ የሳተውን ግን ልጅ አዋቂው ያስታውሰዋል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ለአዲሱ ዓመት የተፈለጉት ተጫዋቾች ስም ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። የእሱ የለም። ሦስት ጊዜ አንብቦ ታኬታውን ይዞ ወጣ።

አራተኛው እዚሁ ኦሃዮ ነው። በሠላሳ ዓመቱ አንድ የዝቅተኛ ሊግ ክለብ አስመጣው። በሦስት ዓመት ውስጥ አገባ፣ ግራ ጉልበቱ ተቀደደ፣ ተሰፋ፣ ትዳሩም ፈረሰ። አሰልጣኙ ልብስ መቀየሪያው በር ላይ አስቁሞ፣ «ኢዋን፣ አንድ እርምጃ ዘግይተሃል። ታውቀዋለህ?» አለው። አያውቅም ነበር። እንዲያውም ባለፈው ቅዳሜ በሕይወቱ ተጫውቶት የማያውቀውን ግሩም ጨዋታ የተጫወተ መስሎት ነበር። ከዚያ ወዲያ ዌርሃውስ።

ቦርከና ጋ የመጣው በዚያው በ2020 ክረምት ነው። ሊጉ በበሽታው ምክንያት ቆሟል፤ እኛ ግን ቤት መቀመጡ ሲያንገሸግሸን ከኢስተን የገበያ ማዕከል ወዲያ ያለ ባዶ ሜዳ ላይ ተራርቀን ኳስ እንነካካ ነበር። «ና እይ» አልኩት፤ ሊያይ መጣ። አሥር ደቂቃ አየና ጫማውን ያስር ጀመር። አሰልጣኛችን ጋሼ ብዙነህ አገር ቤት በፋብሪካ ቡድን የተጫወቱ የስልሳ ዓመት ሰው ናቸው፤ ለማንም በቀላሉ አይማረኩም። ኢዋን ሁለት ኳስ በቴስታ ሲያወጣ አይተው፣ «ይኼ ሰውዬ ከሰማይ ነው ወይስ ከስኮትላንድ?» አሉኝ።

አጠገቡ የሚጫወተው መርዋን ነበር። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፣ እዚሁ ያደገ፤ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ ይማራል። እንደ ፈረስ ይሮጣል፣ ያየው ኳስ ላይ ሁሉ መሬት ለመሬት ይንሸራተታል። ኢዋን የመጀመሪያ ቀን ጎትቶ አነሳውና፣ «የሚንሸራተት ተከላካይ ቀድሞ የተሳሳተ ተከላካይ ነው። ቦታህን ብታውቅ ቆመህ ትነጥቅ ነበር» አለው። «እግሩን አትይ፤ እግር ይዋሻል። ወገቡን እይ።» እሱም ከእኛ ሦስት ቃል ተማረ፤ «ውጡ»፣ «ሰው አለ»፣ «ተወው»። በነዚያ ሦስት ቃላት የቦርከናን ተከላካይ መስመር እንደ በግ ነዳው። በዓመቱ ሊጉ ሲከፈት በአሥራ አራት ጨዋታ ዘጠኝ ጎል ብቻ ገባብን። ልጆቹ ጋሼ ኢዋን ይሉት ጀመር፤ ትርጉሙን ሲነግሩት ቀላ።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። በ2021 ሚያዝያ፣ ሊጉ ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው፣ ያቺ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ኢዋን ሐኪም ጋ ሄዶ እንደነበር ነገረኝ። ጉልበቱ ውስጥ በአጥንቶቹ መካከል የቀረው ትራስ ትንሽ ነው። አንዴ ከተጠመዘዘ ቀኑን ሙሉ ቆሞ መሥራት የለም፣ ፎርክሊፍትም የለም፤ የሚያውቀው ሌላ ሙያ ቧንቧ ነው፣ እሱም ተንበርክኮ የሚሠራ ነው።

«ታዲያ ለምን ትጫወታለህ?» አልኩት።

«ቀድሜ ስለምደርስ። ቀድሞ የሚደርስ ተከላካይ አይጎዳም፤ የሚጎዳው የዘገየ ነው። የዘገየሁ ቀን አቆማለሁ።»

«እንዴት ታውቃለህ?»

«አላውቅም። ተጫዋች ማብቃቱን ከሰው ሁሉ መጨረሻ የሚሰማው ራሱ ነው። አራት ጊዜ አይቼዋለሁ።» ሳንድዊቹን አስቀመጠ። «አንተ ከዳር ታያለህ። መንሸራተት ስጀምር ዘግይቻለሁ ማለት ነው። የዚያኑ ቀን ንገረኝ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።»

«ወላሂ እነግርሃለሁ» አልኩት። ከልቤ ነበር። ያን ዕለት ከእኔ ይልቅ ዓይኑ የተከበረለት ሰው ኮሎምበስ ውስጥ አልነበረም።

መስከረም ላይ ከኔፓሎች ቡድን ጋር ተጫወትን። ኢዋን በሃያኛው ደቂቃ ተንሸራቶ ኳስ አወጣ። በአርባኛው ደገመ። ከእረፍት በኋላ ሦስተኛውን ተንሸራቶ በሁለት እጁ መሬት ተደግፎ ሲነሳ ሕዝቡ በጭብጨባ ሜዳውን አናወጠው። «አቤት ጋሼ ኢዋን!» ይላሉ። ቆንጆ ነበር፣ አልዋሽም። እኔ ግን አላጨበጨብኩም። ከሦስቱ አንዱን እንኳ ባለፈው ዓመት ቢሆን ቆሞ፣ እያዛጋ ነበር የሚወስደው።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ፣ «እንዴት ነበርኩ?» አለኝ።

«ፐርፌክት ነበርክ» አልኩት።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ የምትጠይቁኝ ሐበሻ ካልሆናችሁ ነው። ያ ሰው ጥር ላይ እኔ በኮሮና ተኝቼ ሳለ ሁለት ሳምንት ሙሉ በሬ ላይ ምግብ እያስቀመጠ፣ ደወል ደውሎ እየሄደ ከርሟል። ባለቤቴ ጀነት ዱዓ ስታደርግ ስሙን ትጠራለች። እንዲህ ያደረገልህን ሰው፣ በዚያ ላይ ሕዝብ እያጨበጨበለት ከሜዳ በወጣ በግማሽ ሰዓቱ፣ «አብቅተሃል» ይባላል? ለሚቀጥለው ሳምንት ይደር አልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ዝናብ ነበር፤ በዝናብ ማንም ይንሸራተታል። ከዚያ የውድድር ዓመቱ አለቀ፤ ላለቀ ነገር ምን ያስቸኩላል? ሰነፍ ምክንያት አያጣም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች፤ የእኔ ዝምታ ግን ነቅዟል።

በ2022 ሚያዝያ ሊጉ ሲከፈት ነገሩ ባሰ። አሁን የሚንሸራተተው እሱ ብቻ አልነበረም፤ መርዋን የራሱን ሰው ትቶ ከኢዋን ጀርባ እየሮጠ ቀዳዳ ይደፍናል። ሁለት ሳምንት አይቶ አይቶ እኔ ጋ መጣ።

«ጋሼ ጁኔ፣ አይ ካንት ዱ ዚስ። የእሱንም የኔንም ሰው ከቨር እያደረግኩ ነው። ማይ ሌግስ አር ጎን፣ እግሬ አለቀ። ቴል ሂም።»

«አንተ ለምን አትነግረውም? አጠገቡ ያለኸው አንተ ነህ።»

«ሚ?» ደነገጠ። «ነውር ነው እኮ!»

ይታያችሁ፤ አማርኛ አጥርቶ የማይጽፍ ልጅ ነው፣ ነውርን ግን ከእናቱ ጡት ጠብቶታል።

ለጋሼ ብዙነህ ነገርኳቸው። እሳቸውም ከእኔ ቀድመው አውቀው ኖሯል፤ በረኛውም ያውቃል፤ ማልያ የምታሰፋልን ባለሱቋ እትዬ ሸዋረጋ እንኳ ታውቃለች። የማያውቀው ኢዋን ብቻ ነው። ጋሼ ብዙነህ አሰቡ አሰቡና፣ «እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ሰው አፍ አይነገርም፤ ሽማግሌ ይላካል» አሉ። እኔ ቃሌን ለብቻዬ የሰጠሁ ሰው፣ ሸክሙ ለሦስት ሲከፋፈል ደስ አለኝ። ይህንንም ሳልደብቅ ልናገር።

ግንቦት ላይ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሼ ብዙነህ፣ ሾፌሩ ጓደኛችን ጀማነህና እኔ ልብሳችንን ቀይረን ኢዋን አፓርትመንት ሄድን። ጀማነህ ከሠርግ ሽምግልና ባዶ እጁን ተመልሶ የማያውቅ አንደበተ ርቱዕ ነው። ድፎ ዳቦ ይዘናል። ኢዋን በሩን ከፍቶ ሦስታችንን በሱፍ ሲያየን፣ «ሰው ሞቷል?» አለ።

ተቀመጥን። ሻይ በወተት አቀረበ። ጋሼ ብዙነህ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው ብለው ከአየሩ ጀመሩ፤ ከዚያ ስለ ስኮትላንድ ተራሮች ጠየቁ፤ ከዚያ የወሎን ተራሮች አስከተሉ፤ እኔ አስተረጉማለሁ። ግማሽ ሰዓት ተራራ ላይ ቆየን። ጀማነህ፣ ያ አንደበተ ርቱዕ፣ ዳቦ ይቆርሳል። መጨረሻ ላይ ጋሼ ብዙነህ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እንግዲህ የመጣነው ስለ ቡድኑ ነው» ሲሉ ኢዋን ከተቀመጠበት ተነሳ። «እኔም ላሳያችሁ የምፈልገው ነገር ነበር» አለና ከመኝታ ቤቱ አንድ ሰሌዳ አመጣ። በእጁ የሠራው ነው፤ ሜዳው ተስሏል፣ በማግኔት የሚለጠፉ አሥራ አንድ የልብስ ቁልፎች አሉበት። በእያንዳንዱ ቁልፍ ላይ የልጆቹን ስም በአማርኛ ፊደል ጽፏል። ዩቲዩብ አይቶ ነው የተማረው። የ«መ» እግር ተጣሞ ነበር።

ጋሼ ብዙነህ ሰሌዳውን አዩ። እኔን አዩ። ጀማነህን አዩ፤ ጀማነህ አፉ በዳቦ ሞልቷል።

«የመጣነው» አሉ፣ «አምበል እንድትሆንልን ለመጠየቅ ነው።»

እንዲህ ብዬ ተረጎምኩ። ኢዋን ወደ እኔ ዞሮ፣ «ለዚህ ነው ሦስት ሆናችሁ የመጣችሁት?» አለኝ።

«ባህላችን ነው» አልኩት። «ትልቅ ነገር በሦስት ሰው ነው የሚነገር።»

ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ በሃያ ዓመት ኳስ አንድም ክለብ አምበል አድርጎት እንደማያውቅ ነገረን፤ ዓይኑ እርጥብ ነበር። ሊያሰናብቱት የሄዱ ሽማግሌዎች ሾመውት ተመለሱ። እትዬ ሸዋረጋ ሱቅ ገብተን የሆነውን ስንነግራት ባንኮኒውን በመዳፏ መታችው። «ሦስት ወንድ ተሰብስባችሁ ሄዳችሁ አንድ ቃል አጣችሁ? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ!» አለችን። «በይ አንቺ ንገሪው» አልናት። «እኔ የኳስ ነገር ምን አውቄ» አለችና ደንበኛ ማስተናገድ ጀመረች።

አምበል ከሆነ በኋላማ ማን ደፍሮ ይነካዋል? ክንዱ ላይ ጨርቅ አሰርንለት፣ በየጨዋታው እንጨበጭባለን። ሰኞ ሰኞ ምሳ ላይ «እንዴት ነበርኩ?» ይለኛል። እኔም መልሱን ለምጄዋለሁ።

ሐምሌ ላይ ከአራት ከተማ የመጡ የሐበሻ ቡድኖች ኮሎምበስ ላይ ዋንጫ ተጫወቱ። ለፍጻሜ ደረስን፤ ተጋጣሚያችን ከሲንሲናቲ የመጣ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አንድ ለአንድ ሆነን ሰባኛው ደቂቃ ላይ መርዋን የሁለት ሰው ሩጫ ሲሮጥ ቆይቶ የእግሩ ጡንቻ ተኮማተረበትና መስመሩ ዳር ተኛ። ቀዳዳውን የሚደፍን ጠፋ። የእነሱ አጥቂ፣ ቀጭን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ኳሷን ከኢዋን ጀርባ ገፋት። ኢዋን ዞረ። እኔ ከመስመሩ ዳር ሳየው የዞረው ልጁ ሁለት እርምጃ ካለፈው በኋላ ነበር። ሁለት እርምጃ ከኋላ ሆኖ ተወረወረ፤ ግራ እግሩ ሣሩ ላይ ቀረ፣ ሰውነቱ ግን ሄደ። የጉልበቱን ድምፅ ከቆምኩበት ሆኜ ሰማሁት።

ሆስፒታል ሁለት ቀን ከቆየ በኋላ ቡድኑ በሙሉ ሊጠይቀው ሄደ። ክፍሉ ጠበበ። ሁሉም በየተራ፣ «አይዞህ ጋሼ ኢዋን፣ ለሚቀጥለው ዓመት ትደርሳለህ» ይላል። ጋሼ ብዙነህም ይህንኑ አሉ። ሐኪሙ ያለውን ሁላችንም ሰምተናል፤ ከእንግዲህ ሩጫ የለም፣ ያለ ምርኩዝ መሄድም ገና ነው። የእኔ ተራ ሲደርስ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ «ትደር—» ብዬ ጀምሬ ነበር። አየኝ። ሌሎቹን፣ «አመሰግናለሁ፣ ጁነዲን ትንሽ ይቆይ» አላቸው።

ብቻችንን ስንቀር፣ «መቼ አየህ?» አለኝ።

«ምኑን?» አልኩ። አልሸሹም ዞር አሉ።

«ጁነዲን።»

«መስከረም ላይ» አልኩ። «ከኔፓሎቹ ጋር። ሦስት ጊዜ ተንሸራተትክ።»

ወሮቹን በጣቱ ቆጠረ። አሥረኛው ጣት ላይ ቆመ። «መኪና ውስጥ ጠይቄህ ነበር።»

«ጠይቀኸኛል።»

አልተቆጣም። ይኼን ይጠብቅ የነበረ መሰለኝ። ቀጥሎ ግን፣ «አምበልነቱስ?» አለኝ። አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል። መዋሸት እችል ነበር፤ ሰልችቶኝ ነበርና እውነቱን ነገርኩት። ሦስታችን የሄድነው ልናሰናብተው እንደነበር፣ ሰሌዳውን ስናይ አንደበታችን እንደተያዘ። ያኔ ፊቱ ተለወጠ። ጉልበቱን ከሰማበት ቀን ይልቅ ያን ጊዜ አረጀ።

«አራት ቦታ አባረውኛል» አለ። «ሁሉንም ጠልቻቸዋለሁ። አንዳቸውም ግን አልዋሹኝም።»

«ስለምንወድህ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ። ስለምትወዱኝ ነው የጠየቅኩህ» አለ። ከዚያ ሊተኛ እንደሚፈልግ ነገረኝ፤ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እንደ ልጅ አለቀስኩ። በራሴ ላይ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

አሁን ኅዳር 2022 ነው። ኢዋን ዌርሃውሱን ትቷል። ቤቱ ተቀምጦ በስልክ የደንበኛ ቅሬታ ይሰማል፤ ቅሬታ አቅራቢዎቹ አነጋገሩ ስለማይገባቸው ቶሎ ተስፋ ይቆርጣሉ፣ አለቆቹ በዚህ ወደውታል። እሁድ እሁድ ሜዳ ይመጣል፤ ታጣፊ ወንበር ላይ ሆኖ ለተከላካዮቹ «ውጡ» ብሎ ይጮኻል። መርዋን አሁን ቆሞ ይነጥቃል። እኔን ሰላም ይለኛል፣ ጀነትንና ልጆቹን በየስማቸው ይጠይቃል፣ ሻይ ስሰጠው ይጠጣል። ያኮረፈ ሰው አይመስልም።

ያለፈው እሁድ ቀድሜው ደርሼ ነበር። ሜዳው ጎን ያለው ቦታ ጠባብ ነው፤ ከኋላ የቆሻሻ ገንዳ አለ። ኢዋን መኪናውን ወደኋላ ሊያስገባ ሲሞክር ከኋላው ቆሜ፣ «ና፣ ና፣ ቦታ አለህ፣ ና» እያልኩ በእጄ ጠራሁት። በመስተዋቱ አየኝ። መኪናውን አቆመ። በሩን ከፈተ፣ ምርኩዙን አወጣ፣ አንድ እግሩን፣ ከዚያ ያንን የማይታጠፈውን እግሩን አወረደ። በአጠገቤ አልፎ እስከ ገንዳው ድረስ እያነከሰ ሄደና ክፍተቱን በገዛ ዓይኑ ለካ። «ሰላም ጁነዲን» አለኝ። ተመልሶ ገባና መኪናውን ቀስ ብሎ አስጠጋው። እንዳልኩት ነበር፤ ሁለት ክንድ ሙሉ ቦታ ነበረው።